ምዕራፍ 7፦ የማይደክም እጅ

ሶፊ ከሐረር ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳ ነው። እዚያ፣ ቡናና ማንጎ አብረው በበቀሉበት አንድ ማሳ ውስጥ ቆሜ ሁለት ድምፅ እያፈራረቅሁ አዳምጥ ነበር። አንዱ የአባትየው የእጅ መቀስ ነው። ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ሲገባበት ትንሽ ያቃስታል፣ ይዘገያል፣ ከዚያ "ቀጭ" ይላል። ሌላው የልጅየው የባትሪ መቀስ ነው። "ዝዝ" ብሎ ይዘጋል፣ "ዝዝ" ብሎ ይከፈታል። የገባበት እንጨት እርሳስ ያክል ይሁን አውራ ጣት ያክል ድምፁ ብዙም አይለወጥም። አባት የመጀመሪያውን ዛፍ ሳይጨርሱ ልጁ ሦስተኛው ላይ ደርሷል።

"አባባ፣ እርስዎስ ለምን አይሞክሩትም?" አልኳቸው።

ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ መለሱልኝ፦ "የኔው ሲቸግረው ይነግረኛል። ያኛው ምንም አይናገርም።"

ሳቅሁ። ከተማ ከተመለስኩ በኋላ ግን የባትሪ መቀስ አያያዝ፣ አጠባበቅና አደጋ በሙሉ እዚያች መልስ ውስጥ እንዳለ ገባኝ። ይህ ምዕራፍ እሷን ለመዘርዘር የተጻፈ ነው።

እጅ ሁለት ሥራ ነበረው

በምዕራፍ 2 ስለ ማንሻ ስናወራ በዲጅኖ ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው አስበን ነበር። ዲጅኖው በረዘመ መጠን ጉልበት ይባዛል፣ በልዋጩ እጅ ረጅም መንገድ ይሄዳል። መቀስ በአንድ ብሎን የታሰሩ ሁለት ዲጅኖዎች ማለት ነው። የምንጨብጥበት ቦታ ከብሎኑ 16 ሳንቲ ሜትር፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ከብሎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ቢርቁ፣ የጨበጥንበት ኃይል 8 ጊዜ ተባዝቶ እንጨቱ ላይ ያርፋል። ያንኑ ቅርንጫፍ ወደ ስለቱ ጫፍ አውጥተን 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ብናደርገው ግን የሚባዛው 3 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ሒሳቡን ያልሠራ ገበሬም ወፍራሙን ወደ መቀሱ ጉሮሮ አስጠግቶ ነው የሚቆርጠው። የነገረው እጁ ነው።

እጅ ገፍቶ ይቆርጣል፤ እየገፋ ደግሞ ወሬ ያመጣል። ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። እዚያ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ከደንበኛው ጋር እያወራ ጨርቅ ሲቆርጥ፣ መቀሱ እጥፉ ላይ መድረሱን ለማወቅ ማየት አያስፈልገውም፤ መዳፉ ላይ ክብደት ሲጨምር ያውቀዋል። ቡና ገራዡም እንዲሁ ነው። ደረቅ እንጨት፣ እርጥብ እንጨት፣ የተጠመጠመ ሽቦ፣ የተሸጎጠ ጠጠር፣ እያንዳንዱ በእጅ ላይ የራሱ ስሜት አለው። ከሁሉም በላይ፣ በእጅ መቀስ የራሱን ጣት ቆንጠጥ ያደረገ ሰው ስለቱ ቆዳ ሲነካ ይደነግጥና የሚገፋውን እጅ ያቆማል። የሚገፋውም የሚያመውም አንድ ሰው ስለሆነ ነው።

ጉልበቱን ከእጅ ወስደን ለሞተር ስንሰጥ ወሬውም አብሮ ሄደ። የባትሪ መቀስ ላይ ያሉት የጥንቃቄ ደንቦች ሁሉ፣ እኔ እንደማየው፣ ያንን የጠፋ ወሬ በሌላ መንገድ ለመመለስ የሚደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

ቃታው ሲሳብ

የገረዛ መቀስ ራሱ እንደምናስበው ጥንታዊ ዕቃ አይደለም። የፈጠራው ባለቤት ተብሎ የሚጠራው በርትራን ደ ሞልቪል የተባለ ፈረንሳዊ ባላባት ነው። በፈረንሳይ አብዮት ወቅት ከንጉሥ ሉዊ 16ኛ ሚኒስትሮች አንዱ የነበረ፣ አብዮቱ ሲከርር ወደ እንግሊዝ ሸሽቶ የተረፈ ሰው ነው። አንገት በሚቆረጥበት ዘመን ራሱን አድኖ ስሙ በቅርንጫፍ መቁረጫ መታወሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሞተር ያለው መቀስ በገበያ የታየው ደግሞ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ፣ በወይን ገራዦች ዘንድ ነው። ወይን ገራዥ በአንድ ቀን በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ስለሚጨብጥ ጅማቱና የእጁ አንጓ ይጎዳል። የያኔው ባትሪ ከባድ ስለነበር በወገብ ወይም በጀርባ ይታዘል ነበር። ሶኒ በ1991 እ.ኤ.አ. የሊቲየም-አዮን ባትሪን ለገበያ ካወጣ በኋላ ግን ባትሪ እየቀለለ መጥቶ ዛሬ እጀታው ሥር ይሰካል፤ መቀሱ ከነባትሪው አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ውስጡ ለባጃጅ ነጂ እንግዳ አይደለም። ሐረር ዳገት ላይ ባጃጅ በአንደኛ ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ቀስ ይላል። ፍጥነት ተሰጥቶ ጉልበት ተገዝቷል። በመቀሱም ውስጥ ትንሿ ሞተር በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ትዞራለች፤ ብቻዋን ብትሆን በሁለት ጣት ይዘን ልናቆማት እንችል ነበር። ጥርሳቸው የተያያዘ ማርሾች ያንን ፍጥነት እየቀነሱ ወደ ጉልበት ይለውጡታል፣ በመጨረሻም አንደኛውን ስለት ይገፉታል። የሚንቀሳቀሰው አንዱ ስለት ብቻ ነው፤ ሌላኛው ቆልመም ያለ ቋሚ መንጋጋ ነው።

ብዙዎቹ መቀሶች ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ እንጨት ይቆርጣሉ። የአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ከዚህ ይቀጥናል፤ ከቡና እንጨትም ይለሰልሳል። ይህን ቁጥር በሻጩ ሰሌዳ ላይ እንደ መኩሪያ ሳይሆን እንደ ማስጠንቀቂያ አንብቡት።

ቦርዱ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። መቀሱ ፈጽሞ ደንቆሮ አይደለም። እጀታው ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ይለካል። እንጨቱ ሲጠነክር ሞተሩ ብዙ ይስባል፤ ልክ ካለፈ ቦርዱ ያቆመዋል፣ በድምፅም ያስጠነቅቃል። ከእጅ የጠፋው ወሬ ወደዚያ ሄዷል ማለት ይቻላል።

ችግሩ ቦርዱ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ መሆኑ ነው። የቦርዱ ጥያቄ "ሞተሩ ተቸግሯል ወይ?" የሚል ነው። የእኛ እጅ ግን ይጠይቅ የነበረው "የገባው ምንድን ነው?" ብሎ ነው። ሽቦ ቢገባ ሞተሩ ይቸገራል፣ ቦርዱ ይነቃል። ጣት ቢገባ ግን ሞተሩ ምንም አይቸገርም፤ ለቦርዱ ጣት ለስላሳ፣ ደስ የሚል ቀላል ቅርንጫፍ ነው።

"ሲያመኝ ቃታውን እለቃለሁ" የሚል ሰው ያጋጥማል። ሰው አንድ ነገር ተሰምቶት ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ የሰከንድ አምስተኛ ያህል ያልፋል። ስለቱ ደግሞ ተከፍቶ ለመዘጋት አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ቆዳ ተነክቶ፣ ሕመሙ አእምሮ ደርሶ፣ ትእዛዝ ተመልሶ ቃታው እስኪለቀቅ ድረስ ስለቱ የሚቀረውን አጭር መንገድ ጨርሶታል።

አንዳንድ አምራቾች ይህን አይተው የጠፋውን ወሬ ሊመልሱ ሞክረዋል። በእነዚህ ሞዴሎች መቀሱን የያዘው ሰው አካል የማይሰማ እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መስመር አካል ይሆናል፤ ስለቱ ያንኑ ሰው ሌላ እጅ ሲነካ መስመሩ ይገናኛል፣ ቦርዱም ስለቱን ያቆማል ወይም ይመልሰዋል። ጥሩ ፈጠራ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ሥራውም ባዶ እጅ ወይም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር ያለበት የራሱ ጓንት ይጠይቃል። ተራ የቆዳ ጓንት ካደረጋችሁ ይህን ስሜት ታደነቁሩታላችሁ። ይህ በሌለው መቀስ ደግሞ ጓንት ከጭረት ይጠብቅ ይሆናል እንጂ ስለቱን አያቆምም። የእኔ ጓንት የሌባ ጣት ጫፍ ዛሬም የለም። ጣቴ እዚያ ውስጥ እስከ ጫፍ ስላልደረሰ ነው ይህን በሁለት እጅ የምጽፈው።

ያልያዘው እጅ የት ነው?

በብዛት የሚቆረጠው መቀሱን የያዘው እጅ አይደለም፤ ቅርንጫፉን የያዘው ነው። ምክንያቱ ከልማድ ይመጣል። በእጅ መቀስ ስንሠራ በግራ እጅ ቅርንጫፉን ገለጥ፣ ጎተት፣ ደገፍ እናደርጋለን። ሥራው ዝግ ያለ ስለነበር ሁለቱ እጆች ይጠባበቁ ነበር። አሁን ቀኝ እጅ በሰከንድ ይጨርሳል፣ ግራው ገና እየተመለሰ ነው።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ቃታው ሲሳብ ሌላው እጅ ያለበት ቦታ የታወቀ ይሁን። ከስለቱ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ይራቅ፤ መያዝ የማያስፈልግ ከሆነ ወገብ ላይ ወይም ከጀርባ ይሁን። እኔ ጀማሪዎችን የምመክረው ከእያንዳንዱ ቆረጣ በፊት "ግራዬ የት ነው?" ብለው በልባቸው እንዲጠይቁ ነው። ሞኝነት ይመስላል። ከመቶ ቆረጣ በኋላ ግን ልማድ ይሆናል፣ ልማድ ደግሞ አይረሳም።

ሁለተኛው ነገር ድካም ነው። የእጅ መቀስ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚደክመው እጁ ስለሆነ ያርፋል፤ ሲያርፍ ዓይኑና ሐሳቡም አብረው ያርፋሉ። የባትሪ መቀስ እጅን አያደክምም። ሰውየው ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ ቀትር ሳይቀመጥ ይውላል፤ እጁ ትኩስ ነው፣ ትኩረቱ ግን ካለቀ ቆይቷል። ይህን የሚነግረው ስለሌለ ሰዓት መቁጠር አለበት። እዚያው ሶፊ ያየሁት ልጅ መፍትሔ ነበረው፤ ባትሪ ሲቀይር ግዴታው ቁጭ ብሎ አንድ ስኒ ሆጃ መጠጣት ነው። (ሆጃ ከቡና ቅጠል ወይም ከገለባው የሚፈላ፣ ወተት የሚገባበት የአካባቢው መጠጥ ነው።) ከዚህ የተሻለ የጥንቃቄ መመሪያ አላነበብኩም።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። መሰላል ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጅ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ በሌላው መቁረጥ አይሆንም፤ ለረጅም ማንጎ የዘንግ ማራዘሚያ ያለው አለ። የኤሌክትሪክ መስመር የነካ ዛፍ ላይ በባትሪ መሥራት አያድንም፤ አደጋው ከመስመሩ ነው። ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄዱ ስለቱ ይዘጋ፣ ማብሪያው ይጥፋ። ስለቱ ውስጥ እንጨት ቢቀረቀር መጀመሪያ ባትሪው ይነቀል፣ ከዚያ ይነካ። በአብዛኛው ሞዴል ቃታው ሁለት ጊዜ ሲነካ ስለቱ ስለሚከፈት፣ "ጠፍቷል" ብሎ ያመነ ሰው ሳያስበው ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ቢቆርጥስ? ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ጫኑ፣ እጁን ከልብ በላይ ከፍ አድርጉ። የተፈጨ ቡና አትነስንሱበት። አያቶቻችን ያደርጉት እንደነበር አውቃለሁ፤ ደም ያቆመ ቢመስልም ቁስሉን ያቆሽሻል፣ የሐኪሙንም ሥራ ያከብዳል። የተቆረጠ ጣት ካለ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ክተቱት፣ ፌስታሉን በረዶ ላይ አስቀምጡት፤ ጣቱ በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም። ከሶፊ ለተነሳ ሰው ሐረር ውስጥ ሕይወት ፋናም ጁገል ሆስፒታልም አሉ። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጉዳይ እዚያው ይጠየቅ።

ጁገልና ባትሪው

ጁገልን አስቡ። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተገነባው ግንብ አምስት በሮች ነበሩት። ጠዋት የገጠሩ ሰው ጭኖ በበሮቹ ይገባል፣ ማታ ይመለሳል። ገበያ የሚኖረው በዚህ መመላለስ ነው። የሊቲየም ባትሪም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሪክ የተሸከሙ የሊቲየም ቅንጣቶች ቻርጅ ሲደረግ ወደ አንዱ ወገን ይገባሉ፣ መቀሱ ሲሠራ ወደ ሌላው ይመለሳሉ። መሐል ላይ ግንብ አለ፤ ቅንጣቶቹን በጥቃቅን በሮቹ የሚያሳልፍ፣ ሁለቱን ወገኖች ግን እንዳይነካኩ የሚለይ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። ባትሪው ሲወድቅ፣ ሲበሳ ወይም ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚፈርሰው ይህ ግንብ ነው። ግንቡ ሲፈርስ የቀን ሙሉ ገበያ በአንድ ደቂቃ ይገለበጣል፤ ሙቀት፣ ጭስ፣ እሳት ይሆናል። 18 ቮልትና 2 አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ የያዘው ጉልበት አንድ ኩንታል ቡና 130 ሜትር ሽቅብ ሊያነሳ የሚበቃ ነው። በአንዴ ሲለቀቅ ቀልድ አይደለም።

ባትሪም ወሬ አይነግርም። በምዕራፍ 5 ያየነው የድሮ የእጅ ባትሪ መብራት እየደበዘዘ ይሞት ነበር፤ ሊቲየም ግን እስከ መጨረሻው አካባቢ እኩል ይገፋና ድንገት ይቆማል። ስለዚህ እዚህም በዓይንና በመዳፍ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው። አብጧል? ሸትቷል? ለመያዝ እስኪያስቸግር ሞቋል? ያበጠ ባትሪ ዳግመኛ ቻርጅ አይደረግም፣ አይበሳም፤ ከቤት ውጭ፣ ከሚቃጠል ነገር ርቆ ይቀመጥ። ከሥራ የመጣ ትኩስ ባትሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ይብረድ፣ ከዚያ ቻርጀር ላይ ይውጣ። ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ፣ ፍራሽ አጠገብ ቻርጅ ማድረግ ይቅር። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወይም ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ መተውም እንዲሁ። ለወራት የማትጠቀሙበት ከሆነ ሞልቶም ባዶ ሆኖም ሳይሆን ግማሽ ያህል ይዞ፣ ከመቀሱ ተነቅሎ፣ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ስለ ግዢ አንድ ነገር ልጨምር፤ ገበያ ላይ የሚያናድደኝ ስለሆነ። ርካሽ መቀሶች ባትሪያቸው ላይ "48" ወይም "88" የሚል ትልቅ ቁጥር ይለጠፍባቸዋል፤ ገዢውም ቮልት ይመስለዋል። ቻርጀሩን ገልብጡና የሚያወጣውን ቮልት አንብቡ። አንድ የተለመደ የሊቲየም ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ቻርጀሩ 21 ካለ ውስጡ አምስት ተከታታይ ሴሎች አሉ ማለት ነው፤ የሥራ ቮልቱም 18 ገደማ ነው፣ ካርቶኑ የፈለገውን ቢል። የሌላ ዕቃ ቻርጀር መሰኪያው ስለገባ ብቻ አትጠቀሙ።

ዱልዱም ስለት ሲደበቅ

የእጅ መቀስ ሲደነዝ መጀመሪያ የሚያውቀው መዳፍ ነው። የባትሪው መቀስ ግን ዱልዱምነቱን በጉልበት ይሸፍነዋል። እንጨቱ መቆረጡን ይቆረጣል፣ ግን ተጨፍልቆ ነው። የተጨፈለቀ ቁስል ቶሎ አይድንም፤ የቡና ግንድ አድርቅ የሚባለውን በሽታ የመሰለ ጠላት የሚገባው በቁስል ነው። ይህ ፈንገስ የዛፉን የውኃ መስመር ዘግቶ ያደርቀዋል፤ ከዛፍ ዛፍ ከሚጓጓዝባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ የገበሬው መሣሪያ ነው። በእጅ መቀስ በቀን ጥቂት ዛፎችን የሚነካ ሰው አሁን ብዙ እጥፍ ይነካል፤ በሽታውም በዚያው ፍጥነት መጓጓዣ አገኘ።

የሚጠረጠር ዛፍ ከነካችሁ ባትሪውን ነቅላችሁ ስለቱን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉት፤ ሳይደርቅ አታብሩት። ስትቆርጡ የሚንቀሳቀሰው ስለት ወደሚቀረው ዛፍ፣ ቋሚው መንጋጋ ወደሚጣለው ቅርንጫፍ ይሁን፤ መጨፍለቅ ካለም በሚጣለው ላይ ያርፋል። ቡና ስትጎነድሉ ግንዱ ከመቀሱ አቅም ከወፈረ ለመጋዝ ተዉት። መቀሱን እየወዘወዙ ወፍራም እንጨት "ማስገደድ" ማርሹን ይሰብራል፤ ያየኋቸው አብዛኞቹ ብልሽቶች ከዚህ የመጡ ናቸው።

ማታ ማታ ባትሪው ይነቀልና ሙጫው ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ይጠረግ፤ የማንጎ ሙጫ ካደረ እንደ ማስቲሽ ይጣበቃል። ውኃ አይፈስበት፣ እጀታው ውስጥ ቦርድ አለ። ብሎኑ ላይ ጠብታ ዘይት ይበቃል። ስለቱ በመሳያ ድንጋይ ይሳል፣ የሚሳለውም ያዘነበለው ጎን ብቻ ነው፤ ጠፍጣፋው ጎን ድንጋዩ ላይ ተኝቶ አንዴ ሁለቴ ይነካ እንጂ አይሞረድ። በግራይንደር የሳለ ሰው ብረቱን አሙቆ ጥንካሬውን ያጠፋዋል። ስለቱን በጓንት ይዛችሁ ወደ ጎን ስታወዛውዙት ከተንገዳገደ ብሎኑ ላልቷል። መሳሉን ለማወቅ ባትሪውን መልሳችሁ፣ ጣታችሁ ሳይጠጋ የተንጠለጠለ ወረቀት አስቆርጡት፤ ካጠፈው ገና ነው። ማሳው ላይም የቆረጣችሁትን ፊት ተመልከቱ። ልሙጥ ነው ወይስ ጭረጭር? ትናንት ግማሽ ቀን ያዋለ ባትሪ ዛሬ ቶሎ አለቀ? ስለቱ ደንዟል።

መቀሱ ይህን ስታነቡ ቤት ውስጥ ካለ፣ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ሂዱና ባትሪው መነቀሉን እዩ። በተለይ ልጆች ካሉ።